ሚሊሜትሯን ያዝ!

ሥራ የለም እያልክ ነው?

መተማ ተወልደህ፣ ገንዳ ውኃ ተምረህ፣ አሁን ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ “ሰሊጥ ስንት ገባ?” የሚለውን ወሬ ብቻ ታዳምጣለህ? መሬት የለኝም፣ ትራክተር የለኝም፣ እኔ በዚህ አገር ምን ልሆን እችላለሁ ትላለህ?

ተነሥ! አንድ ሥራ ላሳይህ።

የመነጽር ቤት ረዳት።

ፊትህን አታጥቁር። መስታወት መጥረግ፣ ሻይ ማዘዝ፣ ዕቃ ማቀበል መስሎህ ከሆነ ሥራውን ገና አላየኸውም። ይህ፣ ሰው ጠዋት ሳያይ ገብቶ ከሰዓት እያየ የሚወጣበት ቤት ነው። የሚያየውም የሚሰናከለውም ደግሞ በአንተ እጅ ነው።

እንዴት?

የዓይን ሐኪሙ በሽታውን ያክማል፣ ቀዶ ጥገና ይሠራል። ኦፕቶሜትሪስቱ የእይታውን ልክ መርምሮ የመነጽር ቁጥር ያዛል። ከዚያስ? ከዚያማ ያቺ ብጣሽ ወረቀት አንተ ባንኮኒ ላይ ታርፋለች። ኦዲ ያለው ቀኝ ዓይን ነው፣ ኦኤስ ያለው ግራ። ሁለቱን ብታለዋውጥ፣ ፕላሱን ማይነስ አድርገህ ብታነብ፣ የእነዚያ ሁሉ ባለሙያዎች ልፋት እዚያው ይቀራል። ልዩነቷ አንዲት ሰረዝ ናት። ሰውየው ግን በእሷ ምክንያት ደረጃ ስቶ ሊወድቅ ይችላል።

አሁንም ትንሽ ሥራ ነው?

እንግዲያው እጅህን አስገባ። ሚሊሜትር የተጻፈባት አጭር ማስመሪያ ያዝ። የምትለካው ፒዲ የሚባለውን፣ የሁለቱን ብሌኖች ርቀት ነው። ከደንበኛው ፊት ለፊት ተቀመጥ፤ ዓይንህ ከዓይኑ እኩል ይሁን። በመካከላችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይኑር። ማስመሪያዋን አፍንጫው ላይ በስሱ አሳርፋት። ቀኝ ዓይንህን ጨፍንና “ግራ ዓይኔን ይመልከቱልኝ” በለው። ዜሮዋን ከቀኝ ብሌኑ መሀል ጋር ልክ አድርግ። ማስመሪያዋ ሳትነቃነቅ ግራህን ጨፍነህ ቀኝህን ግለጥ። “አሁን ደግሞ ቀኝ ዓይኔን።” ከግራ ብሌኑ መሀል ትይዩ ያለውን ቁጥር አንብብ። ለአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ54 እስከ 74 ሚሊሜትር ይመጣል፤ የብዙው ሰው 63 አካባቢ ነው።

ለካህ? ጎበዝ።

አሁን ደግመህ ለካ።

“ለክቻለሁ እኮ!” አትበል። ለምን ደግመህ እንደምትለካ ልንገርህ። የሌንሱ ቁጥር 4 ነው እንበል። የሌንሱ ማዕከል ከሰውየው ብሌን በ5 ሚሊሜትር ብቻ ቢርቅ ሌንሱ ብርሃኑን በ2 ፕሪዝም ዳዮፕተር ያጣምመዋል። ሰውየው ይህን ስሌት አያውቅም። የሚያውቀው ራሱን እንደሚያመው፣ መሬቱ ዘንበል እንደሚልበት ነው። ለሳምንት ይታገላል። ከዚያ መነጽሩን ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። “መነጽር አይስማማኝም” እያለ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ስንቱ ነው እንዲህ የቀረው? መነጽር አልስማማው ብሎ ሳይሆን ሁለተኛ የሚለካለት አጥቶ!

ሁለት ጊዜ የመለካት ልማድ ስጦታ አይደለም። ዲግሪም አይጠይቅም። ውሳኔ ብቻ ነው የሚፈልገው። ዛሬ ወስን።

ግን ይህ ሥራ ለአገሬ ይጠቅማል ወይ ትለኝ ይሆናል። በቁጥር ልመልስልህ። በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተካሄደው የዓይን ጤና ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ የማየት አቅሙ የቀነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የማየት አቅማቸው ከቀነሰባቸው ሰዎች መካከል 33.4 በመቶ የሚሆኑት ችግራቸው በመነጽር የሚስተካከል ነበር። አንብበኸዋል? ከሦስቱ አንዱ! ቀዶ ጥገና አይፈልግም። ውድ መድኃኒት አይፈልግም። ልኩን ያገኘ ሌንስ፣ በልኩ የተገጠመ ፍሬም፣ አለቀ።

ልኩን የሚገጥመው ደግሞ ማን ነው?

አንተ ነህ።

ወደ ውጭም እንመልከት። በሕንድ አሳም ግዛት ዕድሜያቸው 40 ያለፈ ሻይ ለቃሚዎች ላይ ጥናት ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ለቅርብ የሚያሳይ ርካሽ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች ምርታማነት ካልተሰጣቸው በ21.7 በመቶ በልጦ ተገኘ። ባንግላዴሽ ውስጥ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጥናት ደግሞ ገቢን ለካ። መነጽር ያገኙት ሰዎች ገቢ በስምንት ወር ውስጥ በ33.4 በመቶ በለጠ። አዲስ ማሽን አልተገዛላቸውም። ሥልጠና አልተሰጣቸውም። ማየት ብቻ ቻሉ።

እስቲ አሁን ይህን ወደ እኛ ቆላ አምጣው።

ሰሊጥ አበጥራ አፈርና ጠጠር የምትለየውን እናት አስባት። የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት ልጅ የሚጣራውን አባት። መጋዘን በር ላይ ቆሞ የሚዛኑን ቁጥር የሚያነበውን። በሞባይሉ የመጣለትን ብር ለማየት ስልኩን እስከ ክንዱ ጫፍ የሚያርቀውን ነጋዴ። ዳዊት የሚደግሙትን ቄስ፣ ቁርኣን የሚቀሩትን ሼህ። ሁሉም ከ40 በላይ ናቸው። የሁሉም ችግር አንድ ነው፤ በዕድሜ ምክንያት የዓይናቸው ሌንስ ደርቆ እንደ ድሮው ለቅርብ አልታዘዝ ብሏቸዋል። ይህ በሽታ አይደለም። ቡዳም አይደለም። ዕድሜ ነው፣ መፍትሔውም መነጽር ነው።

እነዚህ ሰዎች ግን ምን ይላሉ? “ዓይኔ ደከመ፤ ከእንግዲህ ሥራው ለልጆች ነው።” ገና 45 ዓመታቸው ነው እኮ! ሃያ ዓመት ሊሠሩበት የሚችሉትን ሙያ በአንድ መነጽር ምክንያት ጥለውት ሊገቡ ነው። እኔን ይህ ነገር ያንገበግበኛል። አንተንም ያንገብግብህ። የሚያንገበግብህ ነገር ካለህ ጠዋት ለመነሣት ማንቂያ ደወል አያስፈልግህም።

ስለዚህ አንድ ልማድ ልጨምርልህ። ደንበኛ ሲገባ ዕድሜውን ብቻ አትጠይቅ። ሥራውን ጠይቀው!

“ጋሼ፣ ምን ይሠራሉ?” በል። ከዚያ “ዕቃውን እንዴት ነው የሚይዙት? እስቲ ያሳዩኝ” በል። እጁን ዘርግቶ ሲያሳይህ ከዓይኑ እስከ እጁ ያለውን ርቀት በሜትር ለካ። ለምን? የሌንስ ጉልበት ከርቀት ጋር ስለሚሄድ ነው። ለቅርብ ማየት ሙሉ በሙሉ ላቃተው ሰው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ለማየት 2.5 ዳዮፕተር ያስፈልጋል። 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ 2 ይበቃዋል። አንድ ሜትር ላይ ከሆነ 1 ብቻ። ልብሰ ሰፊውና አትሮንስ ላይ የሚያነቡት ቄስ ዕድሜያቸው እኩል ቢሆን እንኳ መነጽራቸው አንድ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚያዘው ባለሙያው ነው፤ ያንን አትንካ። ግን “እኒህ አባት የሚሠሩት በ55 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው” ብለህ የምትነግረው አንተ ብትሆንስ? ያን ቀን ባለሙያው በሌላ ዓይን ያይሃል።

ፕሮፌሽናል ማለት ይኸው ነው። ጋዋን መልበስ አይደለም።

ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ቢመጡስ? ይምጡ! የደች የዓይን ሐኪም ኸርማን ስኔለን የእይታ መለኪያ ሰሌዳውን ያወጣው በ1862 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ አንተ ግድግዳ ላይ የምትሰቅለው ባለ አራት አቅጣጫ ኢ ሰሌዳ የዚያው የልጅ ልጅ ነው። ሦስት ጣት ያላት የምትመስል ምልክት፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ዞራለች። ደንበኛው በእጁ ማሳየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ከ6 ሜትር ሆኖ፣ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ። ጉሙዝኛ ቢናገር፣ አረብኛ ቢናገር፣ ምንም ባይናገር ጣቱ ይናገራል። መተማ ዮሐንስ ላይ ከገላባት ተሻግሮ የሚመጣውን ሰው በአረብኛ ሰላም ማለት ከቻልክ ደግሞ ሌላው ከተማ ያለ ረዳት የሌለው ጉልበት አለህ። ገበያ ውስጥ እየተጫወትክ የለቀምካትን አረብኛ ናቃት እንዴ? ተጠቀምባት!

መብራት ጠፋ? ማስመሪያዋ መብራት አትፈልግም። ሰሌዳውን አውጥተህ ጥሩ የቀን ብርሃን ያለበት ጥላ ሥር ስቀለው። ቤቱ ጠባብ ነው? በመስታወት 3 ሜትሩን 6 ሜትር ታደርገዋለህ። ሰሌዳውን ከደንበኛው ራስ በላይ ሰቅለህ ፊት ለፊቱ ባለው መስታወት ውስጥ እንዲያየው አድርግ፤ በመስታወት የሚታይ ስለሆነ ምልክቶቹ ወደ ግራና ቀኝ ሲዞሩ መልሱን አስተካክለህ ቁጠር። ምክንያት የሚደረድር ሰው ሞልቷል። አንተ መንገድ ፈልግ።

አሁን ወደ ከባዱ ልማድ ልምጣ። ብዙ ረዳት እዚህ ላይ ይወድቃል። አንተ እንድትወድቅ አልፈልግም።

ሽያጭ መተው!

አዎ፣ መተው። አንድ አዛውንት በልጃቸው ተመርተው መጡ። “መነጽር ስጠኝ” አሉ። ብሌናቸው መሀል ነጭ ነገር ይታያል። ይህ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሊሆን ይችላል። በዚያው የ1998ቱ ጥናት ለዓይነ ስውርነት ትልቁ ምክንያት እሱ ነበር፤ ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት ነው ብርሃናቸውን ያጡት። ሞራን የሚያወጣው ቀዶ ጥገና ነው። መደርደሪያው ላይ ያለ መነጽር በሙሉ ቢደረደርላቸው አይጠቅማቸውም። መነጽር ብትሸጥላቸው ገንዘባቸውንም ይከስራሉ፣ ጊዜያቸውንም ይከስራሉ፣ ተስፋቸውንም ይቆርጣሉ። “አባባ፣ የእርስዎ ነገር በመነጽር አይደለም፤ ሆስፒታል ይታዩ፣ ይድናል” በል። ልጃቸውን ለብቻ ጠርተህ ወዴት እንደሚሄዱ ንገረው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። አድራሻውን ጽፈህ ስጠው።

አንዷ ደግሞ ዓይኗ እየቆረቆራት፣ እንባዋ እየፈሰሰ መጣች። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኗን ይፍቃል። ትራኮማ ነው የሚሆነው፤ በአማራ ክልል ስንት ቤት ያንኳኳ ጠላት! እሷም ሐኪም ጋ።

በአረም ወይም በአጨዳ ሰሞን ወጣቱ ሳሉግ፣ የእርሻ ጉልበት ሠራተኛው፣ ሊመጣ ይችላል። አገዳ ዓይኑን ወግቶታል፤ ቀልቷል፣ ያመዋል፣ ብርሃን አያስችለውም። ጥቁር መነጽር ግዛና ሸፍነው እንዳትለው! ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ገዝተህ ጨምር ብለህም አትምከረው፤ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚጨመር ጠብታ ቁስሉን ሊያብሰው ይችላል። ዛሬውኑ፣ በዚያው ቀን፣ ጤና ተቋም ይድረስ። ወደ ቤቱ ለመመለስ ገና ብዙ ቀን የሚቀረው ልጅ ነው፤ ዓይኑን ጥሎ አይመለስ።

በዚያች ቀን አንድ መነጽር ሳትሸጥ ልትውል ትችላለህ። አለቃህም ሊቆጣህ ይችላል። ረጋ ብለህ አስረዳው። ሞራቸው ወጥቶላቸው የተመለሱት አዛውንት ለማን እንደሚናገሩ ታውቃለህ? ለሰፈሩ፣ ለዕድሩ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለገበያው። ከዚያ በኋላ ለቅርብ ማንበቢያ መነጽር ሲፈልጉም ወደ ማን እንደሚመጡ አልነግርህም።

ስለ ፀሐይም ላንሣ። በመጋቢትና በሚያዝያ የኛ ቆላ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ጥቁር መነጽር እንደ ውኃ ይሸጣል። ግን ጥቁረቱ ብቻውን ዓይን አይጠብቅም። የአልትራቫዮሌት መከላከያ የሌለው ጥቁር ሌንስ ብሌኑን ሰፋ እንዲል አድርጎ ጎጂውን ጨረር ያስገባዋል። ስለዚህ ዩቪ 400 የሚል ምልክት ያለውን ምረጥ፤ ለደንበኛህም ለምን እንደሆነ ንገረው። ደግሞ መነጽሩን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳይተወው ምከረው፤ ሙቀት የሌንሱን ሽፋን ይሰነጣጥቀዋል። አቧራ ያለበትን ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ በደረቁ መጥረግም ይቅር። መጀመሪያ በውኃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ። ይህን ምክር ለመስጠት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ መነጽሩ ግን ዕድሜው ይረዝማል።

ልጆችን አትርሳ! “ይህ ልጅ ደደብ ነው” የተባለው ተማሪ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አላየ ይሆናል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ዓይኑን እያጨማደደ ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጠው ልጅ ሰነፍ ሳይሆን ማይነስ ቁጥር የሚፈልግ ሊሆን ይችላል። ሰፈርህ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ልጅ አለ። ታውቀዋለህ። ወላጁን አነጋግር።

እህቴ፣ አንቺም ታነቢያለሽ፤ ይህ ሁሉ ላንቺም ነው። እንዲያውም በርካታ እናቶች ፊታቸውን እንዲነካ የሚፈቅዱት ለሴት እጅ ነው። ፍሬም ሲመርጡ “ያምርብኛል?” ብለው የሚጠይቁትም አንቺን ነው። ግቢበት!

ደመወዙ ትንሽ ነው ትላለህ። መጀመሪያ ላይ አዎን፣ ትንሽ ሊሆን ይችላል። አንተ ግን ደመወዝ ብቻ አይደለም የምትቀበለው። ሙያ ትቀበላለህ። ሌንስሜትር በሚባለው መሣሪያ የሌንስ ቁጥር ማንበብ፣ ፍሬም አሙቆ የጆሮ ዘንጉን ማጠፍ፣ ላብ ሲያንሸራትተው የአፍንጫ ማረፊያውን ማጥበብ፣ ማዘዣ ማገላበጥ። ማገላበጡን ታውቀዋለህ? ፕላስ 2፣ ማይነስ 1፣ አክሲስ 180 ተብሎ የመጣ ማዘዣ ፕላስ 1፣ ፕላስ 1፣ አክሲስ 90 ተብሎ ቢጻፍ ያው አንድ ሌንስ ነው። ሁለቱን ቁጥር ደምር፣ የሁለተኛውን ምልክት ቀይር፣ አክሲሱን በ90 አዙር። ማታ ማታ ቲክቶክ ከመክፈትህ በፊት አምስት እንዲህ ዓይነት ማዘዣ ደብተርህ ላይ ሥራ። በወሩ ውስጥ በቃልህ ትሠራዋለህ። በዓመቱ ሌሎች ረዳቶች አንተን ይጠይቁሃል።

ከዚያ ወዲያም መንገዱ አይዘጋም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ክፍል የተከፈተው የት እንደሆነ ታውቃለህ? አዲስ አበባ አይደለም። ጎንደር ነው! በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የተቋቋመው ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ የዓይን መለካትን ሙያ ለአገሪቱ ጀመረ። በአዘዞ፣ በአይከል አልፎ የሚወርደው ያው መንገድ ነው ከዚህ እዚያ የሚያደርስህ። መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቀኑን ጠብቅ፣ ትምህርትህን ግን አትጠብቅ። የማትሪክ ውጤት ከሌለህም ተስፋ አትቁረጥ። በእጅ ሥራው የተመሰከረለት ሰው ይፈለጋል።

ስለ ቋራው ካሳ ሁሉም ይነግርሃል፤ ከዚሁ ቆላ ተነሥቶ በ1847 ዓ.ም. ስለነገሠው። ጥሩ ነው፣ ኩራ። እኔ ግን ዛሬ ማታ ዙፋን አልጠይቅህም። ማስመሪያ ነው የምጠይቅህ።

አሁኑኑ ጀምር። ከእናትህ ጀምር። ወንበር አምጣላት፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጥ፣ ለካት፣ ቁጥሩን ጻፍ። ቀጥሎ አባትህን፣ ቀጥሎ ጎረቤትህን። ስም፣ ቀን፣ ሚሊሜትር፤ ሌላ ምንም አትጻፍ። ነገ ማታ የዛሬውን ቁጥር ሳታይ ሁሉንም እንደገና ለካቸው፣ ከዚያ ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አድርገህ አመሳክር። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር የበለጠበት ሰው ካለ ለሦስተኛ ጊዜ ጥራው።